የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ የተከፈተ ቤተ መዛግብት፦ ዘመናዊውን የአሜሪካ ታሪክ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በበይነ መረብ ስለ ማስተማር



 ለብዙ ዓመታት በቨርጂኒያ ግዛት፣ በሪችመንድ ከተማ አካባቢ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የአሜሪካን ታሪክ አስተምሬአለሁ። በ2020 ጸደይ በግዛቱ ያሉት ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ሲዘጉ፣ ያንኑ ትምህርት በኮምፒዩተር መስኮት ማስተማር ግድ ሆነብኝ። ትምህርት ቤቶቹ ከተከፈቱ በኋላም አንዱን ክፍል በበይነ መረብ ማስተማሬን ቀጥያለሁ። ዛሬ የማቀርብላችሁ ከዚህ ሥራ የተማርሁትን ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ጥያቄዬ ቀላል ይመስላል፦ ታሪክን ያህል የውይይትና የክርክር ትምህርት፣ መምህሩና ተማሪው በአካል ሳይገናኙ ማስተማር ይቻላልን? መልሴ «አዎን፣ ይቻላል» የሚል ነው። ነገር ግን ይህ መልስ ትክክል የሚሆነው ታሪክ ማስተማር ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አስቀድመን ከተስማማን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ

ትምህርት ቤቱ በተዘጋ ሰሞን ያደረግሁት፣ ብዙ መምህራን ያደረጉትን ነበር። በክፍል ውስጥ እሰጠው የነበረውን ገለጻ እንዳለ ወደ መስኮቱ አዛወርሁት። ከታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት እስከ ቀዝቃዛው ጦርነት ያለውን ዘመን በስላይድ እያሳየሁ ለአርባ አምስት ደቂቃ እናገራለሁ፤ ተማሪዎቹ ካሜራቸውን ዘግተው ያዳምጣሉ፣ ወይም የሚያዳምጡ ይመስለኛል። በክፍል ውስጥ ሳለሁ ፊታቸውን አይቼ ገለጻዬን አስተካክል ነበር። አንዱ ግንባሩን ሲቋጥር ነገሩን እደግማለሁ፤ ሌላዋ ከጎረቤቷ ጋር ስታንሾካሹክ «እስቲ ለሁላችንም ንገሪን» እላለሁ። አሁን ግን የማየው ስም የተጻፈባቸውን ጥቁር አራት ማዕዘኖች ነበር።

ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ እኔ የምናገረውን ሁሉ ተማሪው በማንኛውም ሰዓት ከኔ በተሻለ ሥዕልና ድምፅ ሊያገኘው እንደሚችል ተገነዘብሁ። ተማሪው ሊያገኘው የማይችለው፣ ከሰነድ ጋር እንዴት እንደሚከራከር የሚያሳየውን ሰው ነበር።

የሥነ ትምህርት ተመራማሪው ሳም ዋይንበርግ በ1991 ያሳተመው ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ዋይንበርግ የታሪክ ሊቃውንትና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ሌክሲንግተን ውጊያ የተጻፉ ተመሳሳይ ሰነዶችን እያነበቡ ሐሳባቸውን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደረገ። ሊቃውንቱ ከሁሉ አስቀድመው ማን እንደ ጻፈው፣ መቼና ለማን እንደ ጻፈው ይመረምሩ ነበር። ተማሪዎቹ ግን በአብዛኛው ከመጀመሪያው መሥመር እስከ መጨረሻው አንብበው፣ የጸሐፊውን ማንነት እንደ ተራ ነገር ያልፉታል። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ ስለ ዘመኑ ብዙ መረጃ ነበራቸው፤ የጐደላቸው ምንጭን የመጠየቅ ልማድ ነው። ዋይንበርግና ባልደረቦቹ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጇቸው ትምህርቶች የተመሠረቱት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፦ ምንጩን ማጣራት፣ በዘመኑ ሁኔታ ውስጥ ማየት፣ ከሌላ ምንጭ ጋር ማመሳከር።

ዘመናዊው የአሜሪካ ታሪክ ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት የሚያመች የሚሆንበት ምክንያት አለ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና ብሔራዊው ቤተ መዛግብት እጅግ ብዙ ሰነዶቻቸውን በበይነ መረብ በነፃ ከፍተዋል። የፕሬዚዳንት ጆንሰን የስልክ ንግግሮችና የፕሬዚዳንት ኒክሰን የቢሮ ቅጂዎች በድምፅ ይደመጣሉ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እነዚህን ለማየት መንገድ መሄድና ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በመኝታ ክፍሉ ሆኖ ይከፍታቸዋል። ሆኖም ሰነዱ ደጃፉ ድረስ ስለ መጣለት ብቻ ማንበብ ቻለ ማለት አይደለም። የመምህሩ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ በምሳሌ

የቶንኪን ባሕረ ሰላጤን ጉዳይ እንውሰድ። በኦገስት 2 ቀን 1964 የሰሜን ቬትናም ቶርፔዶ ጀልባዎች ማዶክስ የተባለችውን የአሜሪካ የጦር መርከብ አጠቁ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በኦገስት 4 ሌሊት፣ ሁለተኛ ጥቃት ተፈጸመ የሚል ሪፖርት ቀረበ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በዚያው ምሽት ለሕዝቡ በቴሌቪዥን ተናገሩ። በኦገስት 7 ኮንግረሱ ለፕሬዚዳንቱ ሰፊ ሥልጣን የሚሰጠውን ውሳኔ በተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0፣ በሴኔቱ 88 ለ2 በሆነ ድምፅ አጸደቀ።

ተማሪዎቼ መጀመሪያ የሚያገኙት ሁለት ሰነድ ብቻ ነው፦ የፕሬዚዳንቱን ንግግርና የኮንግረሱን ውሳኔ። አንብበው «እናንተ ሴናተር ብትሆኑ ምን ትወስኑ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ በጽሑፍ ይመልሳሉ። አብዛኞቹ «እደግፍ ነበር» ይላሉ። መልሳቸውን ካስገቡ በኋላ ሦስተኛው ሰነድ ይከፈትላቸዋል። በስፍራው የነበሩት አዛዥ ካፒቴን ሄሪክ በዚያው ቀን ያስተላለፉት መልእክት ነው፤ ከተዘገቡት ቶርፔዶዎች ብዙዎቹ አጠራጣሪ መሆናቸውን፣ የአየሩ ጠባይና የመሣሪያ ተመልካቾቹ ጉጉት ለስሕተት ምክንያት ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ይናገራል። በመጨረሻም የአገሪቱ የመረጃ ደኅንነት ተቋም የራሱ የታሪክ ባለሙያ ያጠናውንና በ2005 ይፋ የሆነውን ጽሑፍ ያያሉ፤ ድምዳሜው በኦገስት 4 ምንም ጥቃት አልነበረም የሚል ነው።

ከዚያ በኋላ የምጠይቀው «ማን ዋሸ?» ብዬ አይደለም። የምጠይቀው «ሐሳባችሁ የተለወጠው በየትኛው ሰነድ፣ በየትኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ነው? በ1964 የነበረ ሴናተርስ ከነዚህ ሰነዶች የትኞቹን ማየት ይችል ነበር?» ብዬ ነው። በዚህ ጥያቄ ተማሪው ሁለት ነገር ይለያል፤ ዛሬ እኛ የምናውቀውንና ያኔ ይታወቅ የነበረውን። ሁለቱን አለመለየት በታሪክ ትምህርት ውስጥ እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው።

እዚህ ላይ በይነ መረቡ ለኔ ጠቀመኝ እንጂ አልጐዳኝም። በክፍል ውስጥ ሰነዶችን በቅደም ተከተል ስሰጥ፣ ፈጣኑ ተማሪ ዘገምተኛውን ይቀድመዋል፤ መልሱም ከአፍ ወደ አፍ ይዛመታል። በበይነ መረብ ግን እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ሐሳብ ከጻፈ በኋላ ብቻ ቀጣዩ ሰነድ እንዲከፈትለት ማድረግ ይቻላል። በክፍል ውስጥ እጃቸውን አውጥተው የማያውቁ ልጆች፣ ጊዜ አግኝተው ሲጽፉ ከሁሉ የላቀ ትንተና ሲያቀርቡ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ምሳሌ ካርታ ነው። በ1933 የተቋቋመው የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን ከሁለት መቶ በላይ የሆኑ ከተሞችን ሰፈሮች በብድር አስተማማኝነት በአራት ደረጃ ከፍሎ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ቀባቸው። ጥቁር አሜሪካውያን የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ቀይ ተቀቡ። የሪችመንድ ዩኒቨርሲቲ ካርታዎቹን ከነገማቾቹ ቅጽ በበይነ መረብ አውጥቷቸዋል። ተማሪዎቼ የሚያልፉበትን ጎዳና ፈልገው ያገኙታል፤ ገማቹ ስለ ሰፈሩ ነዋሪዎች ዘር ምን ብሎ እንደ ሞላም ያነባሉ። በዚያ ቀን ዝም የሚል ክፍል የለም። እኔ ግን እዚያ ላይ እንዲያቆሙ አልፈቅድም። ካርታው የመድልዎው መንስኤ ነው ወይስ አስቀድሞ የነበረውን መድልዎ የመዘገበ ሰነድ ነው በሚለው ላይ የታሪክ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር የነበረው ድርሻም መታየት አለበት። ስሜትን የሚነካ ማስረጃ ሲገኝ ጥንቃቄው መጨመር ይገባዋል።

ከጥቁሩ አራት ማዕዘን ጀርባ

አሁን ወደ አንድ ተማሪዬ ልመለስ። ቤተሰቡ ከኢትዮጵያ የመጣ ነው። በ2020 መኸር ለሦስት ሳምንት ካሜራውን አልከፈተም፤ አንድም ሥራ አላስገባም፤ አንዳንድ ቀንም ጨርሶ አይገባም ነበር። እኔም በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» እያልሁ ምልክት አደረግሁ፤ ለቤተሰቡም ልጁ ትምህርቱን ችላ ማለቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ላክሁ።

በማግስቱ እናቱ ደወሉልኝ። ስሜን አይተው ኖሮ በአማርኛ ነበር የተናገሩት። «መምህር፣ ልጄ ሰነፍ አይደለም፤ ቤታችን ያለው ስልክ አንድ ነው። ጠዋት ለታናናሾቹ ይሰጣቸዋል። እርስዎ የሚያስተምሩበት ሰዓት የነሱም ሰዓት ነው» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። እኔ ግን ደብዳቤውን የጻፍሁበት ቃል ትዝ እያለኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ነገር ለወጥሁ። የቪዲዮ ገለጻውን ትቼ ሰነዶቹን በስልክ ላይ በቀላሉ በሚከፈት ተራ ጽሑፍ አዘጋጀሁ። ሥራው በማንኛውም ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ እንዲገባ ፈቀድሁ። ለካሜራ መከፈት የሚሰጠውን ነጥብ ሰረዝሁ።

በዲሴምበር የምናስተምረው ርእስ በቨርጂኒያ የነበረው የዘር ልዩነት ትምህርት ነበር። በኤፕሪል 23 ቀን 1951 በፋርምቪል ከተማ፣ ባርባራ ጆንስ የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ የሞተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ለአድማ አስነሣች። ትምህርት ቤቱ ለ180 ተማሪዎች የተሠራ ሲሆን፣ ከ450 በላይ ጥቁር ተማሪዎች ይማሩበት ነበር፤ ትርፉ ተማሪ ሬንጅ የተቀባ ወረቀት በለበሱ ጎጆዎች ውስጥ ይቀመጣል። ተማሪዎቹ ጠበቆች ጠሩ፤ ክሱም ከሌሎች አራት ጉዳዮች ጋር ተጣምሮ በሜይ 17 ቀን 1954 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን የብራውን ውሳኔ አስገኘ፤ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የዘር ልዩነት ሕገ ወጥ ተባለ።

የፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ባለ ሥልጣናት ግን ጥቁርና ነጭ ልጆችን አብሮ ከማስተማር ይልቅ፣ በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቻቸውን በሙሉ ዘጉ። ለነጮቹ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ተከፈተ። ጥቁሮቹ ልጆች ግን ያለ መደበኛ ትምህርት ቀሩ። አንዳንዶቹ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ፊደል ቈጠሩ፤ አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ግዛት ወደ ዘመድ ተላኩ፤ ብዙዎቹ ወደ እርሻ ሥራ ገቡ። በ1963 በእርዳታ ገንዘብ ነፃ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ የመንግሥቶቹ የተከፈቱት በ1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካዘዘ በኋላ ነው። የቨርጂኒያ ምክር ቤት በዚህ ለተጐዱት ሰዎች የነፃ ትምህርት ዕድል ያቋቋመው በ2004 ነበር።

ይህን ትምህርት ለብዙ ዓመታት አስተምሬዋለሁ። ትምህርት ቤታቸው ለተዘጋባቸው ልጆች ግን አስተምሬው አላውቅም ነበር። ያም ወር የጄኔራል ሮበርት ሊ ሐውልት ከኮንግረሱ ሕንጻ ተነሥቶ፣ ቨርጂኒያ በምትኩ ባርባራ ጆንስን የመረጠችበት ወር ነበር።

ተማሪዎቹን «ስለ እነዚያ አምስት ዓመታት ከሰነዶቹ ያላገኛችሁትን አንድ ጥያቄ ጻፉ» አልኋቸው። ያ ልጅ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ አስገባ፦ «ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሳለ፣ እነዚያ ልጆች ቀሪ ተብለው ይመዘገቡ ነበር? ወይስ መዝገቡም አብሮ ተዘግቶ ነበር? መዝገብ ከሌለ፣ ስንት ልጅ እንደ ቀረ ዛሬ እንዴት እናውቃለን?»

ይህ የታሪክ ባለሙያ ጥያቄ ነው። ሰነዱ ምን ይላል ከሚለው አልፎ፣ ሰነዱን ማን ይይዝ ነበር፣ በማን ላይስ አልተያዘም ወደሚለው ይደርሳል። እኔም በገዛ መዝገቤ ላይ ያደረግኋቸውን የ«ቀሪ» ምልክቶች መለስ ብዬ አየኋቸው። ወደፊት አንድ ተመራማሪ ያን መዝገብ ቢያገኝ፣ ስለዚያ ልጅ የሚያነበው ሐሰት ነበር። ምልክቶቹን አስተካከልሁ፤ ምክንያቱንም በኅዳጉ ጻፍሁ።

በቤት ውስጥ ስላለው ምስክር

የቅርብ ዘመን ታሪክ ከሩቁ የሚለየው ምስክሮቹ በሕይወት መኖራቸው ነው። ተማሪው ቤቱ ሆኖ ሲማር ምስክሩ ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ የፍልሰት ሕጎችን ስናጠና የቃል ታሪክ እንዲሰበስቡ አደርጋለሁ። የ1924ቱ ሕግ ለኢትዮጵያ በዓመት የፈቀደው 100 ሰው ብቻ ነበር። የ1965ቱ ሕግ የአገር ኮታን ሻረ፤ የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከደርግ ዘመን ለሸሹ ብዙዎች በር ከፈተ፤ የ1990ው ሕግ ደግሞ እኛ ዲቪ የምንለውን ዕጣ አመጣ። ተማሪው የወላጁን ጉዞ ከእነዚህ ሕጎች ጋር ያገናዝባል፤ የወላጁ ትዝታ ከሰነዱ ጋር የማይስማማበት ቦታ ካለም ሁለቱንም ያስቀምጣል።

በዚህ ሥራ ጥብቅ ደንብ አለኝ። ወላጅ አልናገርም ካለ፣ ተማሪው ነጥብ ሳይጎድልበት ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። የተቀዳው ድምፅ በቤተሰቡ እጅ ይቆያል እንጂ ለኔ አይላክም። ከእስር ወይም ከጦርነት ያመለጠ ሰው ዝም የማለት መብት አለው፤ የአንድ ልጅ የቤት ሥራ ያን መብት ሊነካው አይገባም።

ያጣነው ነገርና ያልተፈታው ችግር

በይነ መረብ ሁሉን ነገር አሻሻለ ብዬ እንደማልናገር ታስተውላላችሁ። ስለ ዘር ግድያ ወይም ስለ ጦርነት የሚያስጨንቅ ምስል ሲቀርብ፣ ያዘነውን ልጅ ፊት ማየት አልችልም። ስለዚህ አስቀድሜ አስጠነቅቃለሁ፤ ምስሉ ተማሪው ራሱ ካልከፈተው አይታይም፤ ውይይቱም ከአራት በማይበልጡ ተማሪዎች መካከል ይጀመራል። በጃንዋሪ 7 ቀን 2021፣ የኮንግረሱ ሕንጻ በተወረረ ማግስት፣ በየቤቱ ወላጆች ከልጆቻቸው ጀርባ ሆነው እንደሚሰሙኝ አውቅ ነበር። ያን ቀን ትንታኔ አልሰጠሁም። እያንዳንዱ ተማሪ ያየውን፣ በየት በኩል እንዳየው፣ በስንት ሰዓት እንዳየው እንዲጽፍ አደረግሁ። ከሳምንት በኋላ የራሳቸውን ጽሑፍ እንደ ቀዳሚ ምንጭ መረመሩት።

ሌላው ችግር ለማንኛውም ጥያቄ መልስ የሚጽፈው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ክልከላ ብቻውን አልረዳኝም። የረዳኝ እያንዳንዱ ተማሪ ስለ ጻፈው ጽሑፍ ለአሥር ደቂቃ በቃል እንዲያስረዳኝ ማድረጉ ነው። ጊዜ ይፈጃል፤ ግን ሐሳቡ የራሱ የሆነ ተማሪ ይህን ጥያቄ አይፈራም።

ክቡራትና ክቡራን፤ በ2020 በኢትዮጵያም ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ እንደ ነበር ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። የአሜሪካን ታሪክ እዚህ አስተምሩ ለማለት አልመጣሁም። ነገር ግን ነገ መምህራን ለምትሆኑት ተማሪዎች ሦስት ነገር አደራ ልበል። በርቀት ስታስተምሩ ገለጻችሁን አሳጥራችሁ ለተማሪው ሰነድና ጥያቄ ስጡት። ትምህርቱን ስታዘጋጁ በቤቱ አንድ ስልክ ብቻ ያለውን ልጅ መነሻ አድርጉት፤ ለእሱ የተመቸው ለሌላውም ይመቻል። ከተማሪ ስም አጠገብ «ቀሪ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ደግሞ ወደ ቤቱ ደውሉ።

ያ ልጅ ላነሣው ጥያቄ የተሟላ መልስ አልሰጠሁትም። በፋርምቪል የሞተን ትምህርት ቤት ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኗል፤ በዚያ የሚሰበሰበው የቃል ምስክርነት መዝገቡ ያልያዛቸውን ልጆች በስማቸው እንደሚፈልግ ነገርሁት። በሚቀጥለው ሳምንት ከራሱ ያወጣውን የስም ዝርዝር ይዞ መጣ፤ ካሜራው ግን እንደ ተዘጋ ነበር።